በዚህ ሱቅ ሰው አይሞትም

«ያንን አስቀምጪው።»

ነርሷ ደንግጣ ቆመች። የሥዕል መጽሐፉን እስከ አገጯ ቆልላ፣ በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ጓዳ ልታስገባ ነበር። ዳኛዋ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ቃል ስትተነፍስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ለቅሶ የመጡትም ስኒያቸውን እንደያዙ ዞር አሉ።

«እትዬ፣ ሰው የሚቀመጥበት ጠፋ እኮ! ወንበሩ ላይ መጽሐፍ፣ መስኮቱ ላይ መጽሐፍ...»

«ከላይ ያለውን ነው የምልሽ። ልብስ ሰፊዋን። እሷ ትቀመጥ። ከሥሯ ያለውን፣ ያን የሚበር ሰውዬ፣ ብትፈልጊ እሳት አንድጂበት። አንድ ሌባ ለመያዝ ግማሽ ከተማ የሚያፈርስ ደንቆሮ! ያፈረሰውን ግድግዳ ማን እንደሚገነባ አንድም ገጽ ላይ አልተሣለ።»

በሩ አጠገብ ከተቀመጡት አንዷ ሳቅ አመለጣትና በሻርፗ አፏን ያዘች። ነርሷ አልሳቀችም።

ነርሷ የሟቹ ታናሽ እህት ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ነጭ ጋውን ለብሳ በሽተኛ ስታገላብጥ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ጀርባዋ የማይጎብጥ፣ ቀሚሷ የማይጨማደድ ሴት ናት። ወንድሟ ፀጉሩ እስኪነጣ ድረስ የልጆች መጽሐፍ ሲያከራይ መኖሩን ለሥራ ባልደረቦቿ ነግራ አታውቅም። «መጻሕፍት ላይ ነው የሚሠራው» ትል ነበር። ዛሬ እነዚያው ባልደረቦቿ ለቅሶ ሊደርሱ ይመጣሉ። ሳሎኑን እንዲህ በጥድፊያ የምታነሣሣው ለዚህ ነበር።

ማንሣቱ ግን የሚያልቅ አይደለም። ሱቁንና ቤቱን የሚለየው አንድ በር ብቻ ነው፤ መጽሐፉም በሩን አልፎ ከገባ ዘመን ሆኖታል። ሶፋው ሥር አለ። ቁም ሣጥኑ ላይ አለ። ያጠረውን የጠረጴዛ እግር ደግፎ የቆመው ወፍራም ቅጽ እንኳ የአንድ ባለ ካፖርት መርማሪ ታሪክ ነው። ዳኛዋ «ሦስት ገጽ ሙሉ ሲጋራ እያጨሰ ያስባል! እኔ ገዳዩን በሁለተኛው ሥዕል አውቄዋለሁ፤ ጓንቱ ብቻ ተለይቶ አምሮ ተሥሏል» ብላ ፈርዳበት ነው ጠረጴዛ ሥር የገባው።

የሆስፒታሉ ሰዎች መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው በተርታ ተቀመጡ። ነርሷ ከፔርሙዙ ቡና ስትቀዳ ዓይኗ ሶፋው ሥር ነበር፤ አንድ ቢጫ ሽፋን ብቅ ብሏል። በእግሯ ገፋ አደረገችው። ትንሽ ቆይታ ዞር ብትል መድኃኒት ቤት የሚሠራው ባልደረባዋ፣ ያ ኮስታራ ሰው፣ ቢጫውን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶታል።

«ለቅሶ ቤት ነህ እኮ!» አለችው በሹክሹክታ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ። ግን... የዚህ አራተኛው ቅጽ አለ?»

«አለ» አለች ዳኛዋ ከወዲያ። «ግን አትድከም። ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚነበበው፤ ልጅቷም ድስት የሚያህል ዓይን ይዛ አጠገቧ የቆመውን ወንድ እስከ መጨረሻው አታየውም።»

ሰውዬው አፍሮ መጽሐፉን ከደነ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን መልሶ ከፈተው።

በመስኮቱ በኩል ሁለት ጎረቤታሞች ራስ ለራስ ገጥመዋል።

«ከሰዓቱን ሙሉ ነው አሉ።»

«ምኑ?»

«አጠገቡ የተቀመጠችው። ሰውዬው ሞቶ፣ እሷ ሻይዋን እየጠጣች።»

«ኧረ ዝም በይ!»

«እንዴት አታውቅም? ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ኖራ?»

ዳኛዋ ሰማች። ጆሮዋ አላረጀም። ሌላ ቀን ቢሆን «ከፍ አድርጊው እንጂ፣ ሩቅ ያሉትም ይስሙሽ» ትላት ነበር። ዛሬ ቡናዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አቀዘቀዘችው። ጎረቤቷ የጠየቀችውን እሷም ከቀብሩ ጀምሮ ራሷን እየጠየቀች ነበር። እንዴት አላወቅሁም?

ዳኛዋ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ትናገራለች። «ፊደል አልቆጠርኩም፤ እስከ ዛሬ ያታለለኝ ሰው ግን የለም» ትላለች፣ ወገቧን ይዛ። «ዳኛዋ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሱቁ ደንበኞች ናቸው።

አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ባሏ ከማከራየቱ በፊት ለእሷ ያነብላታል። የሱቁን በር ገርበብ ያደርጋል። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መጽሐፉን በእሷም በእሱም ጉልበት ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ዘርግቶ፣ ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን ደመና በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ለወፍራሙ ወፍራም ድምፅ፣ ለቀጭኗ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ፈረስ ካለ ያሽካካል። እሷ ሥዕሉን ታያለች። ሲያልቅ ትፈርዳለች።

ነፃ የወጣው ከፊት ገመዱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላል። የተፈረደበት ታችኛው መደርደሪያ ይወርዳል። ሰው ደግሞ ሰው ነውና ገና ከደጅ «ዳኛዋ የፈረደችባቸው የትኞቹ ናቸው?» እያለ እየመጣ የታችኛውን ይከራያል። እሷም ትናደዳለች፤ ባሏም ጎንበስ ብሎ መደርደሪያ የሚፈልግ መስሎ ይስቃል።

ፍርዷ ሁሉ ክፉ አልነበረም። ቀለም የሌለውን፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነውን የጦርነት ታሪክ ስታይ «ያልቀቡት አፍረው ነው። ማፈራቸው ደግ ነው» ብላ ከፊት አሰቅላዋለች። የስፌት መኪና አዝላ፣ የጠፋች ልጇን እየፈለገች ከአገር አገር የምትዞረውን ልብስ ሰፊ ደግሞ አገላብጣ አገላብጣ አየቻትና «ይህችን የሣላት ሰው እናት አለችው» አለች። ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ከሁሉ የምትወደው ድቡን ነበር።

አንድ ሽማግሌ የሰርከስ ሰው ድብ አለው። ሰርከሱ ሲዘጋ ድቡን ለቆዳው ሊሸጡት ይስማማሉ። ሽማግሌው ሰንሰለቱን ፈቶ ይዞት ይወጣል፤ ወደ ተወለደበት ጫካ ሊመልሰው። አንድ ዳቦ ለሁለት፣ አንድ ካፖርት ለሁለት። መኪና አያሳፍራቸውም፤ ማን ድብ ያሳፍራል? በእግራቸው ነው። ሰው ባየ ቁጥር ሽማግሌው «ይህ አጎቴ ነው፣ ፀጉር ስለሚያበዛ አትፍሩት» ይላል። ዳኛዋ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ስቃ ነበር። መጨረሻው ላይ በረዷማ መስክ አለ። ሽማግሌው ዛፍ ተደግፎ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተሥሏል። ድቡ አጠገቡ ቁጭ ብሏል።

«እዚህ ጋ ምን ይላል?» አለችው ባሏን።

ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደክሞት ተኛ ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ሲነቃ ድቡን ጫካ አስገብቶ ቤቱ ተመለሰ።»

«ቤቱ ሲገባ የታል? አልተሣለም።»

«ቀለሙ አልቆበት ይሆናላ! ይህን ሁሉ በረዶ ቀብቶ።»

«በረዶ ደግሞ ምን ቀለም አለው?» አለችና ትታው ወደ ፍርዷ ገባች። «ድቡ አስተዳደግ አለው። ሰው ሲተኛ ድምፅ አያሰማም። ከፊት ስቀለው።»

ሲሰቅለው ጀርባውን ሰጥቷት ነበር።

ባሏ የሞተ ቀንም እንደዚያው ነበር። ምሳቸውን በልተው ሱቁ ውስጥ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። ዳኛዋ ሻይዋን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። የአውቶቡስ ሾፌሩ የተከራየውን ሊመልስ ብቅ ሲል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ በል፣ ተኝቷል» አለችው። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ተማሪዎች ተንጫጭተው ሲገቡ በዓይኗ አስወጣቻቸው። ዝንብ እሽ አለችለት። ፀሐዩ ዞሮ ፊቱን ሊያገኘው ሲል መጋረጃውን ሳበችለት። ጣሪያው ማፍሰስ መጀመሩንም በለሆሳስ ነገረችው። አልመለሰላትም። ነቅቶም ቢሆን የጣሪያው ነገር ሲነሣ አይመልስም ነበርና አልገረማትም።

ነርሷ ልትጠይቃቸው መጣች። ገና ከበሩ አየችው። ተጠግታ ሁለት ጣቷን አንገቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቀና ብላ ዳኛዋን አየቻት።

«ሁሉን የምታውቂ ሴት፣ ይህን እንዴት አጣሽው?»

ሐኪሙ በኋላ ልቡ በአንድ ጊዜ ቀጥ እንዳለች፣ አጠገቡ ማንም ቢኖር ምንም እንደማይደረግ ተናግሯል። ዳኛዋ የሐኪሙን ቃል ትታ የነርሷን ያዘች። እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ውሃም አላወርደው አለ።

የሆስፒታሉ ሰዎች በመጡ ማግስት ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ይህ ሰው የሱቁ አግዳሚ ላይ ነው ያደገው። ዛሬ ራሱ መላጣ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ጎልማሳ ሆኗል፤ ለዳኛዋ ግን አሁንም «አንተ ልጅ» ነው። የመሣሪያ ሣጥኑን ደጅ አስቀምጦ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ጨበጣት።

«እግዜር ያጽናዎት እማማ።»

«አሜን። ጫማህን ጥረግ።»

ጠረገ። የአውቶቡስ ሾፌሩ ቦታ ለቀቀለት፤ ተቀመጠ። ቡና ሰጡት። ቤቱ ዛሬ የሞላው በሱቁ ደንበኞች ነበር። ሁሉም ዝም ብለዋል። ዝምታ የማይችል ሰው አለ፤ ቧንቧ ሠራተኛው እንደዚያ ነው። የተሰበረ ቱቦ እንጂ የተሰበረ ሰው ጠግኖ አያውቅም፤ ቢሆንም አፉን ከፈተ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል እማማ። ድቡን ማሰብ ነው። ሽማግሌው መንገድ ላይ ቢቀርበትም የቀረውን ብቻውን ሄደው አይደል? እርስዎም እንደዚያው...»

የአውቶቡስ ሾፌሩ ስኒውን አፉ ላይ እንደደቀነ ቀረ።

«የቱ ድብ?» አለች ዳኛዋ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ይህ ምስኪን ሁለቱም ደርሰውበታል።

«የለም፣ እኔ እኮ ማለቴ...»

«ሽማግሌው ቤቱ ገብቷል። ድቡን ጫካ አስገብቶ ቤቱ ገብቷል።»

«አዎ እማማ። ገብቷል።»

«እየኝና በለው።»

ቧንቧ ሠራተኛው መሬት መሬት አየ። ዳኛዋ ወደ ሾፌሩ ዞረች፤ ሾፌሩ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ወደ በሩ ዞረች፤ በሩ ላይ የቆሙት ጫማቸውን ያያሉ። ያኔ ገባት። የዋሸው አንድ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ። ከዚያ የባሰ ምን ልትነግረኝ ነው የምትፈራው? ተናገር።»

«ሽማግሌው እዚያው በረዶው ላይ ሞቷል እማማ።»

«ተኝቶ ነው።»

«አልተኛም።»

ከዚያ ላቡን እየጠረገ ሁሉንም አወጣው። ነገሩ የተጀመረው በዓሣ አጥማጁ መጽሐፍ ነው። ዓሣ አጥማጁን ዳኛዋም አልረሳችውም። መጨረሻው ላይ ሰጠመ ብሎ ባሏ ያነበበላት ቀን መጽሐፉን ነጥቃ ወርውራዋለች፤ ቀናት ሙሉ ሰውዬውን አላናገረችውም። ሊከራየው የመጣውን ሁሉ ደግሞ «በእርሳስ የሠራውን ሰው ለማዳን ምን ጎደለው? ወረቀት ነው? ቀለም ነው? ሰው ገድሎ የሚያልቅ መጽሐፍ ቤቴ ውስጥ አይሰቀልም!» እያለች መልሳዋለች። ከዚያ ወዲህ ባሏ መጨረሻውን እያቃና ያነብላት ጀመር። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ጆሮው ሥር ጠጋ ይልና «በዚህ ሱቅ ሰው አይሞትም። ዳኛዋ አትፈቅድም» ይለዋል። ደንበኛውም መጽሐፉን ዓይኑ ቀልቶ ሲመልስ፣ ዳኛዋ «ቤቱ መግባቱ ደስ አይልም?» ስትለው «በጣም ደስ ይላል እማማ» ይላል። ቧንቧ ሠራተኛው ራሱ ገና ልጅ ሳለ እንዲህ ብሏታል።

ዳኛዋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ልብስ ሰፊዋስ?» አለች።

«ሞታለች።»

«ልጇን ሳታገኝ?»

«ሳታገኝ።»

«ወታደሩ? ያ አፍንጫው ትልቁ?»

«እሱም።»

«መርማሪው?»

«በሦስተኛው ቅጽ ይገድሉታል።»

«እሱን ይበለው። የሚበረው ሰውዬስ?»

«እሱ አይሞትም እማማ።»

«አውቄዋለሁ! የሚተርፈው ሁልጊዜ የማይረባው ነው።»

ማንም መሳቅ አልደፈረም። የሾፌሩ ትከሻ ግን ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልታወቀም።

«አሁን ውጡልኝ» አለች ዳኛዋ። ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀምጠው ወጡ። ነርሷ የጓዳው በር ላይ ፎጣ ይዛ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ዳኛዋ ሱቅ ገብታ በሩን ዘጋች። ገመዱ ላይ በተርታ የተሰቀሉትን አየቻቸው። ሁሉም ሽፋናቸው ላይ ይስቃሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ። ስንቶቹ ውስጣቸው ሞተዋል? ይህን ሁሉ ዘመን የሞተ ሰው ፊቷ ተሥሎላት ኖሯል፤ እሱ ግን ተኝቷል ይላት ነበር። ኮፍያ ዓይን ላይ ሲደፋ እንቅልፍ ነው ብሎ ያስተማራት እሱ ነው። እሱ ራሱ ኮፍያውን ደፍቶ ሲሄድባት፣ እንዳስተማራት ሰዉን ሁሉ «ቀስ በሉ» አለች።

«አንተ ሰውዬ» አለች ለባዶው ወንበር። «በደህና ዓይኔ አሳወርከኝ።»

ከመናደዷ የተነሣ ማልቀስ አልቻለችም። ሰው መጽሐፍ በተከራየ ቁጥር ከጀርባዋ የሚጠቃቀሱባት ጅል ሆና ነው የኖረችው? ጎንበስ ብሎ መደርደሪያ ሲፈልግ የሚስቀው በእሷ ነበር? ወይስ ሌላ ነገር ነበረው? የሚጠየቀው ሰው አፈር ገብቷል። የቀረው ምስክር መጽሐፉ ነው። ምስክር ሳይሰማ ደግሞ አይፈረድም።

በሚቀጥለው ጠዋት ለቅሶኛው ሳስቷል። ነርሷ ጓዳ ውስጥ ስኒ ታጥባለች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ጎኗን አላሳረፈችም፤ ወይ ታጥባለች፣ ወይ ትጠርጋለች፣ ወይ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ዳኛዋ ድቡን ከገመዱ አውርዳ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እጅሽን አድርቂና ነይ። አንብቢልኝ።»

«እኔ? እትዬ፣ ይህን የልጅ ነገር...»

«የልጅ ከሆነ አይከብድሽም።»

ነርሷ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። አነበበች። በመጀመሪያ የበሽተኛ ካርድ እንደምታነብ ነበር፤ ሽማግሌውም፣ የሰርከሱ ባለቤትም፣ መንገደኛውም አንድ ድምፅ።

«ድቡ ድምፅ የለውም?» አለች ዳኛዋ።

«ድብ እኮ ነው እትዬ። የሚለው ነገር አልተጻፈም።»

«እሱ ያናግረው ነበር።»

ነርሷ ተነፈሰች። ገለጠች። ሽማግሌው «ይህ አጎቴ ነው፣ ፀጉር ስለሚያበዛ አትፍሩት» የሚለው ጋ ስትደርስ ግን ሳታስበው ድምፅዋን ወፈር አደረገችው፤ መጨረሻዋን ሳብ፣ ቃሏን ጎተት። የወንድሟ አነጋገር ነበር። ለራሷም ተሰማትና ለአፍታ ቆመች። ዳኛዋ እንዳልሰማች ሆነች። ከዚያ በኋላ ነርሷ ሽማግሌውን በዚያው ድምፅ አነበበችው፤ ድቡም አንዳንዴ «እህም» ይል ጀመር።

በረዶው መጣ። ዛፉ መጣ። ነርሷ ዓይኗ ወደ ታች ቀድሞ ሮጠና አፏ ቀረ።

«ምን ይላል?» አለች ዳኛዋ።

«...ደክሞት ተኛ ይላል።»

ዳኛዋ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ። ውሸታችሁ እንኳ አይለይም። የተጻፈውን አንብቢ።»

ነርሷ መነጽሯን አወለቀች፤ በቀሚሷ ጠርጋ መልሳ አደረገችው።

«‹ሽማግሌው ዛፉ ሥር ሞተ› ይላል። ‹ድቡ ግን...›»

«ቀጥዪ።»

«‹ድቡ ግን የተኛ መሰለውና አጠገቡ ተቀመጠ።›» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ ቀጠለች። «‹ቁራዎቹ ሲጮኹ አባረራቸው። ነፋሱ እንዳይቀሰቅሰው በጀርባው ከለለው። ሳይነቃነቅ ውሎ ጠበቀው። ሽማግሌው በዕድሜው እንዲህ ተጠብቆ ተኝቶ አያውቅም ነበር።›»

ደጅ የሆነ መኪና አለፈ። የቧንቧው ጠብታ ጓዳ ውስጥ ይሰማል።

«እትዬ» አለች ነርሷ። «ያን ቀን የተናገርኩሽ...»

«ሥራሽን ጨርሺ። ድቡስ?»

«ተነሥቶ ሄደ። የመጨረሻው ገጽ ጫካው ብቻ ነው፤ ጽሑፍ የለውም።»

«የት እንደደረሰ አይልም?»

«አይልም።»

ዳኛዋ መጽሐፉን ወደ ራሷ አዞረች። ሥዕሉን ያለ ባሏ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሽማግሌው እጅ በረዶው ላይ ተከፍቶ ወድቋል፤ የተኛ ሰው እጁን በብርድ እንደዚያ አይተውም። እንዴት አላየችውም? ግን ድቡም አላየውም። እዚያው አጠገቡ ሆኖ።

«የእሱ መጨረሻ ለጆሮ ይጥማል» አለች። «ይህኛው ግን ድቡን አልሰደበውም። አላወቀም ብሎ አልሰደበውም።» ትንሽ ቆይታ ገጹን መታ መታ አደረገችው። «ሞኝ! ሞቱን ሊደብቀኝ ብሎ ይህን ደበቀኝ። ምን ነክቶት ነው?»

ነርሷ መጽሐፉን ሳይሆን እጆቿን እያየች ተናገረች።

«እናታችን የሞተች ቀን አዝሎኝ ወጣ። እሱም ልጅ ነበር፤ እግሩ ከክብደቴ የተነሣ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹ተኝታለች፣ ቀስ በይ› አለኝ። ብዙ ጊዜ አመንኩት። እውነቱን የነገረችኝ የሰፈር ልጅ ናት፤ ተጣልተን። ከዚያ ወዲህ የተኛ ሰው ካየሁ ሳልነካው አላልፍም።»

«ተቀየምሽው?»

«ኧረ የለም። ማንን ይዤ ልቀየመው?»

ባሏ ጎንበስ ብሎ ሲስቅ ይነቃነቅ የነበረው ትከሻው በዳኛዋ ዓይን ላይ መጣ። ልጅ ሳለ እህቱን ያዘለበት ትከሻ ነው። በእሷ አልነበረም የሚስቀው፤ ወይም በእሷም ከሆነ፣ እየሳቁበትም የሚያዝሉት ሰው አለ። እንባዋ ያኔ መጣ። ሳትጠርገው ተወችው።

ነርሷ መጽሐፉን ከድና ራሷን ወንበሩ ላይ አስደገፈች። «ትንሽ ብቻ» አለች፣ «ስኒው አላለቀም...» ቃሉን ሳትጨርሰው እንቅልፍ ወሰዳት። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ተንሸራተተ። አፏ ትንሽ ተከፈተ። እጇ ከጭኗ ወርዶ ተንጠለጠለ።

ደጁ ተንኳኳ፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይሆናል። ዳኛዋ አልተነሣችም። ወንበሯን ወደ ነርሷ አስጠጋች። የእጇን ጀርባ ከነርሷ አፍንጫ ሥር አድርጋ ጠበቀች። ትንፋሹ ሞቅ ብሎ መጣ፤ ሄደ፤ መጣ።

ደጁ እንደገና ተንኳኳ። ዳኛዋ እጇን አላነሣችም።